የዶሜይን ስም ዋጋና አውቶማቲክ መገመቻዎች፦ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከኮምቦልቻ፣ ከላሊበላና ከደሴ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። የዶሜይን ስም፣ ማለትም አንድ ድረ ገጽ የሚጠራበት አድራሻ፣ ስንት እንደሚያወጣ በቅጽበት የሚናገሩ አውቶማቲክ መገመቻዎች በኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ስሙን ጽፎ ቁልፉን የተጫነ ሁሉ በዶላር የተተመነ ቁጥር ያገኛል። በዚህ ቁጥር ተማምነው ብር የሚበደሩ፣ ስም የሚገዙና ንብረት የሚካፈሉ ወገኖች መኖራቸውን ደብዳቤዎቹ ስላሳዩን የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ እስካገኝ ድረስ ይጠቅመኛል ብዬ ከታላቅ እህቴ በተበደርሁት ብር በ«ዶት ኮም» የሚያልቁ 20 ስሞችን አስመዘገብሁ። አብዛኞቹ የወሎ ከተሞችንና ምርቶችን ስም የያዙ ናቸው። ነጻው መገመቻ አንዱን ስም 2,400 ዶላር፣ ሌላውን 1,150 ዶላር ያወጣል ይላል፤ የሁሉም ድምር ከ14,000 ዶላር ይበልጣል። አሁን ስሞቹ በእጄ እንዲቆዩ በየዓመቱ የሚከፈለው ማደሻ ደርሷል፤ እህቴም ብሯን ትፈልጋለች። ቁጥሩን አሳይቼ «ትንሽ ታገሺኝ» ብላት ልክ እሆናለሁን? በቅርቡም አንድ የውጭ አገር ሰው አንዱን ስም በ4,000 ዶላር እገዛለሁ፣ ነገር ግን አስቀድመህ የታመነ የግምት ሰርተፊኬት አምጣ ብሎ በኢሜይል ጽፎልኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከደብዳቤዎ መጨረሻ እንጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነውና። ለሰርተፊኬቱ አንድም ሳንቲም አይክፈሉ። ይህ በዶሜይን ሻጮች ዘንድ ከታወቀ የቆየ የማጭበርበሪያ ዘዴ ነው። ገዢ መስሎ የቀረበው ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራል፤ ሻጩ ደስ ሲለው ደግሞ ነጻ መገመቻዎችን እንደማይቀበል ይነግረውና «እኔ የማምነው» ወደሚለው አንድ ድረ ገጽ ይመራዋል። ያ ድረ ገጽ የራሱ ወይም የተባባሪው ነው። ሻጩ በካርድ ከፍሎ ወረቀቱን እንዳገኘ ገዢው ድምፁ ይጠፋል፤ የካርዱ ቁጥርም በማይታወቅ ሰው እጅ ይቀራል። እውነተኛ ገዢ ስሙ ምን እንደሚጠቅመው አስቀድሞ ያውቃል፤ ግምት ቢያስፈልገው እንኳ ከፍሎ የሚያስገምተው ራሱ ነው። ስለዚህ ግምቱን በራሱ ወጪ እንዲያሠራ ይንገሩት፤ ሽያጩም የገዢውን ገንዘብ ይዞ ቆይቶ ስሙ ሲዛወር ለሻጩ በሚያስተላልፍ፣ እንደ ኤስክሮው ዶት ኮም ባለ ሦስተኛ ወገን በኩል እንዲፈጸም ይጠይቁት። የዚህን አገናኝ ድርጅት አድራሻ ግን ሰውዬው በላከልዎት ሊንክ ሳይሆን በራስዎ እጅ ጽፈው ይክፈቱት፤ ሐሰተኛ የኤስክሮው ገጾችም አሉና። አጭበርባሪ ከሆነ ከዚህ በኋላ ደግሞ አይጽፍልዎትም።

አሁን ወደ 14,000 ዶላሩ እንምጣ። እንደ ኢስቲቦት ወይም እንደ ጎዳዲ መገመቻ ያሉት መሣሪያዎች ስሙን በመጀመሪያ ወደ ቃላት ይከፋፍሉታል። ቀጥለውም የፊደሎቹን ብዛት፣ በመካከሉ ሰረዝ ወይም ቁጥር መኖር አለመኖሩን፣ መጨረሻው «ዶት ኮም» ወይም ሌላ መሆኑን፣ ቃላቱ በፍለጋ ሞተር በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈለጉ፣ አስተዋዋቂዎችም ለእነዚያ ቃላት በአንድ ክሊክ ምን ያህል እንደሚከፍሉ ያያሉ፤ ከዚያም ይህን ሁሉ ቀደም ሲል ከተሸጡ ሌሎች ስሞች ዋጋ ጋር አመሳክረው ቁጥር ያወጣሉ። ይህ አሠራር በራሱ ማታለል አይደለም። ከተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ለተሠሩና ብዙ አምሳያ ሽያጭ ላላቸው ስሞች ከገበያው እጅግ ያልራቀ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የእርስዎ ስሞች ግን ከዚህ ወገን አይደሉም፤ ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በላቲን ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ስም ለመሣሪያው ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር ነው፤ ትርጉም ያገኘለት ሲመስለውም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የተሳሳተውን ነው። ደሴ በላቲን ፊደል በተለመደው አጻጻፉ አየርላንዳውያን ዴዝመንድ የተባለን ሰው አቆላምጠው ከሚጠሩበት ስም ጋር አንድ ነው፤ በመሆኑም መሣሪያው «ይህ ቃል በወር ይህን ያህል ጊዜ ይፈለጋል» ሲል ከፈላጊዎቹ መካከል ስለ ጦሳ ተራራም ሆነ ስለ ፒያሳ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ይኖራሉ። ወሎ ራሱ ደግሞ በላቲን ፊደል አንዱ በ«ኦ»፣ ሌላው በ«ኢ» ስለሚጽፈው የአገራችን ፈላጊዎች ለሁለት ይከፈላሉ፤ መሣሪያው ግን ሁለቱ አጻጻፎች አንድ አገር መሆናቸውን ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ስም ሲቀርብለት መልስ አላገኘሁም ብሎ ዝም ቢል ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ቁጥር እንዲያወጣ ተደርጎ ስለተሠራ ያወጣል፤ ቁጥሩም እንደ 2,400 ያለ የተቆረጠ በመሆኑ ተመርምሮ የተደረሰበት ይመስላል።

ሁለተኛው ጉዳይ መሣሪያው የተማረበት የሽያጭ መዝገብ ነው። እንደ ኔምባዮ ያሉ ድርጅቶች በይፋ የታወቁ የዶሜይን ሽያጮችን ይሰበስባሉ፤ ሥራቸውም ጠቃሚ ነው። ሆኖም ብዙ ትልልቅ ሽያጮች ዋጋቸው እንዳይገለጽ በውል የታሰሩ ሲሆኑ፣ ከዚያ በቁጥር እጅግ የሚበልጡት ስሞች ደግሞ ጨርሶ አልተሸጡም፤ ያልተሸጠ ስም በሽያጭ መዝገብ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። በባቲ የሰኞ ገበያ የግመል ዋጋ የሚታወቀው የተሸጠውም ሳይሸጥ ወደ ቤቱ የተመለሰውም ለገበያተኛው ሁሉ ስለሚታይ ነው፤ የዶሜይን መገመቻዎች ግን የተመለሰውን አላዩትም። ከተሸጡት ብቻ የተማረ ግምት ደግሞ የእርስዎን ስም እንደሚሸጥ አድርጎ ቆጥሮ ይጀምራል። የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር የሚለውን እንጂ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም የሚለውን አይመልስልዎትም፤ ለእርስዎ ኪስ ዋናው ጥያቄ ግን ሁለተኛው ነው።

የትልልቆቹ ሽያጮች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክሮስትራቴጂ የተባለው ኩባንያ «ቮይስ ዶት ኮም» የተሰኘውን ስም ብሎክ ዋን ለተባለ ድርጅት በ30 ሚሊዮን ዶላር ሸጧል። ገዢው በዚያው ስም የማኅበራዊ ትስስር መድረክ ለመክፈት ወስኖ ነበር፤ ገንዘብም ነበረው። ዋጋውን ያመጣው የፊደሎቹ ቁጥር ወይም የፍለጋው ብዛት ሳይሆን ያ ስም ብቻ የሚያስፈልገው አንድ ገዢ በዚያ ሰዓት መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለውን ገዢ ከፊደል ድርድር ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝ ስሌት የለም።

ጊዜውንም እናስላው። በሙያው የቆዩ ሻጮች ደጋግመው የሚጠቅሱት ልማድ ከ100 ስሞች በዓመት የሚሸጡት አንድ ወይም ሁለት ናቸው የሚል ነው፤ ይህም በደንብ ለተመረጡ የእንግሊዝኛ ስሞች ነው። በዚህ ስሌት 20 ስሞች ያሉት ሰው አንድ ስም ለመሸጥ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። የአንዱ ማደሻ 12 ዶላር ነው ብንል በዓመት 240 ዶላር፣ በአምስት ዓመት 1,200 ዶላር ይወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ይህ ወጪ በብር ሲታሰብ ከቀድሞው እጅግ የከበደ ነው። መገመቻው ይህን ወጪ ከቁጥሩ ላይ አይቀንሰውም። ከዚህም ሌላ ከመገመቻ ባለቤቶች መካከል ስም በመመዝገብና በማሻሻጥ የሚተዳደሩ እንዳሉ ልብ ይበሉ፤ የግምቱ ቁጥር ከመግዣው ቁልፍ አጠገብ ሲቀመጥ ከፍ ማለቱ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ለእህትዎ ቁጥሩን እንደ ማስያዣ አድርገው አያሳዩአት። እርሷ ያበደረችዎት እውነተኛ ብር ነው፤ መሣሪያው ያሳየዎት ግን ማንም እከፍላለሁ ያላለውን ዋጋ ነው። ስሞቹ ከተሸጡ እንደሚከፍሏት ሳይሆን፣ ቢሸጡም ባይሸጡም ከሌላ ገቢዎ ምን ያህል፣ እስከ መቼ እንደሚመልሱላት ይንገሯት። ከ20ዎቹም በስም ለይተው ሊጠቅሷቸው የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ገዢዎች ያሏቸውን ብቻ፣ ለምሳሌ በኮምቦልቻ ወይም በሐይቅ በዚያ ምርት የሚነግዱ ሰዎች ሊፈልጓቸው የሚችሉትን፣ ያድሱ። የቀሩትን ይተዉአቸው። መገመቻው ለዚህ ማበጠር በመጠኑ ይረዳዎታል፤ ሁለት ተቀራራቢ ስሞችን ለማነጻጸርና መሣሪያው ራሱ አምሳያ ብሎ ያቀረባቸውን ሽያጮች አንድ በአንድ ለመመርመር ይጠቀሙበት። ከዚያ አልፎ የዶላሩን አኃዝ እንደ ዋጋ አይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ በላሊበላ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። የከተማዋን ስምና «እንግዳ ማረፊያ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ የያዘ የ«ዶት ኮም» ስም ለመግዛት ብፈልግ ሌላ ሰው ይዞታል። ባለቤቱ 1,800 ዶላር ጠየቀኝ፤ ዋጋው ትክክለኛ ለመሆኑም ማስረጃ ነው ብሎ የመገመቻ ውጤት የታተመበትን ወረቀት ላከልኝ። ልክፈልን? — ከላሊበላ

መልስ፦ ወረቀቱን ያቀረበው ሻጩ መሆኑን አስቀድመው ያስቡ። መገመቻዎቹ ብዙ ናቸው፤ ለአንድ ስም የሚሰጡትም ቁጥር አንዳንድ ጊዜ በብዙ እጥፍ ይለያያል። ሻጭ ከሁሉም ከፍተኛውን መርጦ ያሳያል፤ እርስዎም ያንኑ ስም በሌሎች ሁለት ወይም ሦስት መገመቻዎች ቢያስገምቱ ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል።

የላሊበላ ስም በመገመቻዎች ዘንድ ከፍ የሚልበት ምክንያት አለው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል በመሆናቸው በዓለም ዙሪያ ስማቸው የሚፈለግ ነው። መሣሪያው ይህን ፍለጋ እንደ ገበያ ይቆጥረዋል። ከፈላጊዎቹ ብዙዎቹ ግን ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ማንበብ የፈለጉ ተማሪዎችና ምእመናን እንጂ ዛሬ ማታ አልጋ የሚይዙ መንገደኞች አይደሉም። ይህን ስም ሊገዙ የሚችሉትም በከተማዋና በአካባቢዋ ያሉ ማረፊያዎችና አስጎብኚዎች ናቸው፤ ቁጥራቸውን ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሻጩ እርስዎ ትተውት ቢሄዱ ሌላ ገዢ በቅርቡ ያገኛልን? ስሙን ስንት ዓመት ይዞ ሳይሸጠው እንደቆየ ከምዝገባ መረጃው መመልከት ይቻላል፤ ለድርድሩ ከወረቀቱ የበለጠ የሚረዳዎትም ይህ ነው።

የዋጋዎን ጣሪያ የሚወስነው ሌላ አማራጭ ለመያዝ የሚያወጡት ወጪ ነው። የማረፊያዎን የራሱን መጠሪያ በ«ዶት ኮም» ወይም ኢትዮ ቴሌኮም በሚያስተዳድረው በ«ዶት ኮም ዶት ኢቲ» ማስመዝገብ ከቻሉ፣ እንግዶችዎም የሚያውቁዎት በዚያው መጠሪያ ከሆነ፣ የከተማዋን ስም የያዘው አድራሻ ከዚያ በላይ ምን ያህል አልጋ ያስይዝልኛል ብለው ይጠይቁ። መልሱ በዓመት ጥቂት እንግዶች ከሆነ 1,800 ዶላር ብዙ ነው። ለመግዛት ከወሰኑም ከላይ ለኮምቦልቻው ጠያቂ እንደገለጽነው በሦስተኛ ወገን በኩል ይክፈሉ።

የያዘው ሰው የማረፊያዎን የራሱን መጠሪያ ወስዶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክትዎን ያስመዘገቡ ከሆነ፣ ያንን ምልክት በ«ዶት ኮም» በክፉ እምነት በያዘ ሰው ላይ ዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በሚያየው የዶሜይን ክርክር ሥርዓት አቤት ማለት ይቻላል፤ በአንድ ዳኛ ለሚታይና እስከ አምስት ስሞችን ለያዘ አቤቱታ ክፍያው 1,500 ዶላር ነው። በዚያ ሥርዓት ከምዝገባ ወጪው በላይ ለባለ ምልክቱ ለመሸጥ በማለም የተደረገ ምዝገባ የክፉ እምነት ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጩ የሚያሳየው የግምት ወረቀት መልሶ እሱኑ ሊጎዳው ይችላል። መገመቻዎች ስሙ የሌላ ሰው ምልክት ይሁን አይሁን በሚገባ አይለዩም፤ አከራካሪ የሆነ ስምም ከፍ ያለ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። «ላሊበላ» ግን የቦታ ስም በመሆኑ ብቻውን የእርስዎ ምልክት ነው ሊባል አይችልም፤ በእርስዎ ጉዳይ ይህ መንገድ አይመከርም።

ጥያቄ፦ በደሴ ሁለት ሆነን የባልትና ውጤቶችን እየሸጥን ኖረናል፤ ከውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖችም በድረ ገጻችን ያዝዙናል። አሁን ልንለያይ ነው። ሽማግሌዎች ዕቃውንና ብሩን አካፍለውናል፤ የቀረው የድረ ገጹ ስም ነው። ባልደረባዬ በአንድ መገመቻ 95 ዶላር ነው አለ፤ እኔ በሌላ ባስገምት 3,600 ዶላር አለኝ። ሽማግሌዎቹ መካከለኛውን እንውሰድ ይላሉ። ትክክል ነውን? — ከደሴ

መልስ፦ የሽማግሌዎቹን ቅንነት እናከብራለን፤ ይሁን እንጂ የሁለት የተሳሳቱ ቁጥሮች መካከለኛ ትክክል የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሁለቱም መሣሪያዎች ያዩት ባዶውን ስም ነው። ስሙን ለዓመታት የያዙትን ደንበኞች፣ በርበሬውንና ሽሮውን ቀምሰው ደግመው ያዘዙትን ሰዎች፣ ትእዛዝ የሚገባበትን ኢሜይል አላዩም። ለእናንተ ዋጋ ያለው ግን ይህ ነው።

ለሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር በጽሑፍ ቢቀርብላቸው ይሻላል። አንደኛው ባለፈው ዓመት በድረ ገጹ በኩል ከገባው ትእዛዝ የተገኘው ትርፍ ነው፤ ከሱቁ ሽያጭ ተለይቶ ይታሰብ። ሁለተኛው ስሙን የሚያጣው ወገን በአዲስ ስም ለመጀመር የሚያወጣው ወጪ ነው፦ ማሸጊያና ማስታወቂያ እንደገና ማሳተም፣ ለነባር ደንበኞች ማሳወቅ፣ በፍለጋ ሞተር ዘንድ እንደገና እስኪታወቅ ድረስ የሚጠፋው ሽያጭ። ስሙን የሚያስቀረው ወገን ለሌላው የሚከፍለው ከእነዚህ ሁለቱ ተነስቶ ቢወሰን ለሁለታችሁም የሚገባ ምክንያት ይኖረዋል።

በዚህም መስማማት ካልተቻለ እኛ ይበልጥ የምንመርጠው መንገድ አለ። አንዳችሁ ዋጋ ይጥራ፤ ሌላው በዚያ ዋጋ ልግዛ ወይም ልሽጥ ብሎ ይምረጥ። ዋጋ ጠሪው ገዢ ይሁን ሻጭ አስቀድሞ ስለማያውቅ ወደ ላይም ወደ ታችም ማጋነን አይጠቅመውም። ባልደረባዎ 95 ዶላር ብሎ ቢጠራ እርስዎ በ95 ዶላር ገዝተው ሊወስዱት ይችላሉ፤ እርስዎም 3,600 ብለው ቢጠሩ ያንን ያህል ከፍለው እንዲወስዱት ሊገደዱ ይችላሉ። ሽማግሌዎቹ ቃሉን ሰምተው ቢያስፈጽሙት ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ እውነተኛውን ዋጋ ያወጣል ብለን እናምናለን። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከሁለታችሁ አንዱ የመግዛት አቅም ከሌለው ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ክፍያው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲፈጸም አስቀድመው ይወስኑ።

ውሳኔው እስኪያልቅ ድረስ ስሙ በማን ስምና በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ የምዝገባው ይለፍ ቃል በአንዳችሁ እጅ ብቻ ከሆነ ለሽማግሌዎቹ ያሳውቁ። የምዝገባ ባለቤቱ ስም ሲለወጥ ብዙ መዝጋቢዎች፣ ማለትም ስም የሚመዘግቡ ድርጅቶች፣ ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወርን ለ60 ቀናት ስለሚከለክሉ፣ የስምምነቱን ቀኖች ይህን አስበው ይወስኑ። የማደሻው ቀን በክርክሩ መካከል ከደረሰ ደግሞ ወጪውን እኩል ተካፍላችሁ አድሱት፤ የ«ዶት ኮም» ስም ሳይታደስ ቀርቶ መዝጋቢው ከሰረዘው በኋላ ባለቤቱ መልሶ ሊያወጣው የሚችልበት 30 ቀን ቢሰጠውም ክፍያው ከተለመደው ማደሻ በብዙ ይበልጣል፤ ያ ጊዜ ካለፈ ከአምስት ቀን በኋላ ስሙ ለማንኛውም ፈላጊ ክፍት ይሆናል።